«አራቱ ተሸካሚዎች» እና የተፈቀዱልኝ ሦስት ደቂቃዎች

ለክቡር ሚስተር ኦስዊን ፔልሃም
የኸርንዴል ወረዳ ምክር ቤት የፕላንና የቅርስ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝዎት ስል ለእርስዎ ጤና ብቻ ሳይሆን ለደብዳቤውም ጭምር እየጸለይኩ ነው፤ ከእኛ ሸለቆ ወደ ወረዳው ከተማ የሚወስደው መንገድ በሦስት ቦታ ከተደረመሰ ሁለተኛ ክረምቱን ይዟልና። ጉልበትዎ እንዲጠና፣ የጽሕፈት ቤትዎ ማሞቂያ እንዳይቋረጥ፣ ከስብሰባ በፊት የሚቀርብልዎ ብስኩትም እንዳይጎድል የራቨንጊል ሸለቆ ነዋሪዎች አርባ አንዳችንም ከልብ እንመኛለን። አርባ ሁለት ነበርን። ስለ አርባ ሁለተኛው ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ስሜ ሄስተር ፋውሴት ይባላል። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ጁላይ ከዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት ተመርቄ፣ ያወቅሁትን ሁሉ ለአገሬ ላበረክት ተቻኩዬ ወደ ሸለቆዬ ተመለስኩ። ተቻኩዬ እንዳለሁ ይኸው ኖቬምበር ገባ።

ጉዳዬን ያውቁታል። በመጪው ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ኮሚቴዎ «አራቱ ተሸካሚዎች» የተባለው መጠጥ ቤታችን በወረዳው የተጠበቁ ቤቶች መዝገብ ላይ ይስፈር ወይስ አይስፈር ብሎ ይወስናል። ከሰፈረ ቤቱ መጠጥ ቤት ሆኖ ይቀጥላል። ካልሰፈረ ባለንብረቱ የከተማ ድርጅት ረቡዕ ጠዋት ቁልፉን ተረክቦ፣ ደጅ ላይ የሚፈላ የውሃ ገንዳ ያለው የእረፍት ቤት ያደርገዋል፤ እኛም ገንዳው ውስጥ ተቀምጠው የሚስቁ እንግዶችን በአጥር ላይ አሻግረን እያየን እናረጃለን። ቤቱ እንዲመዘገብ ያመለከትኩት እኔ ስለሆንኩ በስብሰባው ላይ ሦስት ደቂቃ እንድናገር ተፈቅዶልኛል። ስለ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ሦስት ደቂቃ መስጠት ለጋስነት ነው፤ አመሰግናለሁ። ሆኖም ማክሰኞ መምጣት አልችልም። ምክንያቱን በቦታው አስረዳለሁ፤ ሦስቱን ደቂቃዎች ግን እነሆ በጽሑፍ ልኬአለሁ። ጋዜጣ ላይ ማውጣቴም እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎ፤ በግል ለላክኋቸው አምስት ደብዳቤዎች ሁሉ «ደርሶናል» የሚል መልስ ብቻ ስላገኘሁ፣ ስድስተኛው ለሌላ ሰውም ቢደርስ አይከፋም ብዬ ነው።

ኮሚቴዎ የሚወስነው ባለሙያዎ ሚስተር ራስል ቲንዳል ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ መጥተው ባዘጋጁት ሪፖርት መሠረት ነው። ሪፖርቱ አራት ገጽ ነው፤ አንዱ ገጽ ካርታ ነው፤ ካርታው የሌላ ሸለቆ ነው። በቀሩት ሦስት ገጾች ላይ ያሉኝን ቅሬታዎች በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ። ሚስተር ቲንዳል ቤቱን «በቅርቡ የታደሰ፣ ጥንታዊ መልክ የማይታይበት» ብለውታል። ልክ ናቸው። ጥፋቱም የእኔ ነው። የሚመጡበት ቀን እንደተነገረኝ ቤቱን ከድርጅቱ ተከራይተው ለሚይዙት ለመጠጥ ቤቱ እመቤት ለወይዘሮ ዊኒፍሬድ አልደርሰን ደውዬ «የቤቱን እርጅና የሚመረምር ሰው ከምክር ቤት ይመጣል» አልኳቸው። ወይዘሮ ዊኒ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰሙት «ሰው ይመጣል» የሚለውን ብቻ ነው። «ሰውዬው ከከተማ ድረስ ለፍቶ መጥቶ ጥቀርሻችንን ሊያይ ነው? ሞቼ ነው ቆሜ!» ብለው መላውን ሸለቆ ለሥራ ጠሩ። የበግ አርቢው ኔድ ሜትካፍ ከላም ጋጣ የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም በባልዲ ይዞ መጣ። የሦስት መቶ ዓመት ጥቀርሻ በአራት ቀን ተፍቆ አለቀ። ከምድጃው በላይ ባለው ወፍራም አግዳሚ ላይ የተቀረጸውን 1671 የሚለውን ቁጥር፣ የተሰነጠቀ እንጨት መስሎ እንዳያሳጣን ብለው በስቱኮ ሞልተው ቀቡት። እኔ ያን ሰሞን ከተማ ነበርኩ፣ ለምን እንደሆነ በኋላ እናገራለሁ፤ ስመለስ ኔድ ከነብሩሹ ቆሞ «እይው እስኪ፣ አዲስ አይመስልም?» አለኝ። ይመስላል። ሚስተር ቲንዳልም አልተሳሳቱም። ሕንጻን የሚመረምር ባለሙያ ቀለም ላይ ጥፍሩን ጫር አድርጎ ማየት እንዳለበት የተማርኩት እኔ በሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፤ እሳቸው ምናልባት በዚያ ቀን ከክፍል ቀርተው ይሆናል።

የቤቱን የደጅ ሥዕል በተመለከተም፣ ሪፖርቱ «የሚጨፍሩ የሚመስሉ አራት ወንዶች» ብሎ ስለገለጸው አመሰግናለሁ፤ ሸለቆው እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ሰዎቹ አይጨፍሩም፣ ክቡር ሆይ። ተሸክመዋል። የተሸከሙትን ዝናብ አጥቦት ነው።

ሁለተኛ። ባለሙያዎ በቤቱ ውስጥ «ታሪካዊ ዋጋ ያለው ዕቃ» እንዳላገኙ ጽፈዋል። እዚህ ላይ ላመሰግናቸው የምወደው ስለ ምግብ ፍላጎታቸው ነው። ወይዘሮ ዊኒ ካቀረቡላቸው የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ሁለቱን ጨርሰው ሦስተኛ መድገማቸው እስከ ዛሬ በኩራት ይወራል። በምን ላይ እንደበሉ ግን የነገራቸው የለም።

የበሉት በሬሳ ጠረጴዛው ላይ ነው።

በሸለቆአችን ቤተ ክርስቲያንም መቃብርም ኖሮ አያውቅም፤ መሬቱ ሁለት ክንድ ሲቆፈር ድንጋይ ነው። ስለዚህ ሙታናችንን አሥራ ሁለት ማይል ጋራውን አቋርጠን እስከ አስከርባይ እንሸከም ነበር። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ያለው የመጨረሻው ጣሪያ ይህ ቤት ነው፤ ተሸካሚ ደግሞ ሰው ነውና ማረፍ አለበት። ሬሳን ደጅ ማስቀመጥ አይቻልም፣ ዝናብ አለ፤ መሬት ላይ ማጋደምም ነውር ነው። እናም በመስኮቱ ሥር ከአንድ ግንድ ተፈልጦ የተሠራ ረጅም ጠረጴዛ ተዘጋጀ። ሳጥኑ እዚያ ያርፋል፤ የቤቱ ጌታ አምስት ብርጭቆ ቢራ ይቀዳል፤ አራቱን ተሸካሚዎቹ ይጠጣሉ፤ አምስተኛውን ማንም አይነካውም፤ ሳጥኑ ሲነሳ የበሩ ደፍ ላይ ይፈስሳል። ከመነሳታቸው በፊት ግን ከአራቱ አንዱ በጀርባው ተንጋሎ ጠረጴዛው ሥር ይገባና በቢላዋ አንድ ጭረት ይጭራል። ላዩ የሕያዋን ነው፣ ይበላበታል፤ ሥሩ የሙታን ነው። ዛሬ ሬሳ ወደ አስከርባይ የሚሄደው በመኪና በአስፋልቱ ዞሮ ቢሆንም፣ ከሟቹ ቤት እስከ «አራቱ ተሸካሚዎች» ድረስ አሁንም በትከሻ ይመጣል፤ አሁንም አንድ ብርጭቆ እስኪጠጣ ያርፋል። ጭረቶቹ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። በዘጠኝ ዓመቴ ሦስት ቀን ሙሉ በጀርባዬ ተኝቼ ቆጥሬአቸዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ የተጫሩትንም እየደመርኩ ነው፤ የታሪክ ተማሪ የሆንኩትም ያኔ ነው እንጂ በዩኒቨርሲቲ አይደለም።

በ1784 ሐና ራው የተባለች የካልሲ ሠሪ ሬሳ ይዘው የመጡ አራት ሰዎች በረዶ ዘጠኝ ቀን ዘጋባቸው። ሐናን ወተት በሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል አኖሯት። በአራተኛው ቀን ለቀብሯ ድግስ የያዙትን ሥጋ በልተው ጨረሱ። በሰባተኛው ቀን በልጅነቷ ማንኛቸውን ትወድ እንደነበር ተከራክረው ተደባደቡ። በዘጠነኛው ቀን መንገዱ ሲከፈት አንደኛው «ጉንፋን ይዞኛል፣ እናንተ ሂዱ» አለ። ጉንፋኑ የቤቱ ጌታ ልጅ ነበረች፤ አገባት። ወይዘሮ ዊኒ የዚያ ጉንፋን ሰባተኛ ትውልድ ናቸው። የጎደለውን አራተኛ ቦታ ያን ቀን የቤቱ ጌታ ራሱ ገብቶ ተሸከመ፤ ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ይኸው ነው፤ ተሸካሚ ከጎደለ ቤቱ ይሞላል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለሚስተር ቲንዳል ለምን አልነገራችኋቸውም ይሉ ይሆናል። እኔም ጮኼ ጠይቄአለሁ። ወይዘሮ ዊኒ ጠረጴዛውን ለእንግዳው ክብር ሲሉ በአዲስ አበባማ የላስቲክ ልብስ ሸፍነውት ነበር። ስጠይቃቸው በትዝብት አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ይህን ነው ያስተማረሽ? ሰው እየጎረሰ እንዴት ነው ስድስት መቶ ሬሳ የምትጠሪበት?» አሉኝ። አንድ ቤት ሊጠፋ ነው፤ የሚጠፋውም የቤቱ ሰዎች ለመርማሪው እንግዳ ጨዋ ስለሆኑለት ነው።

ሦስተኛ። «ነዋሪው ለቤቱ የጎላ ፍቅር አያሳይም» ይላል ሪፖርቱ። ሚስተር ቲንዳል ለነዋሪው አድለው ያስሞሏቸውን ቅጾች ግልባጭ ጠይቄ በሃያ ሁለት ቀን ውስጥ ብቻ ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ ስስቅና ስናደድ አደርኩ። «ይህ ቤት ለእርስዎ ምን ያህል ይጠቅማል?» ለሚለው ኔድ ሜትካፍ «ክፉ አይደለም» ብሏል። «ቢዘጋ ምን ይሰማዎታል?» ለሚለው ወይዘሮ ዊኒ፣ በቤቱ የተወለዱት፣ ባላቸውን ከቤቱ የቀበሩት፣ «እንለምደዋለን» ብለዋል። ባለሙያዎም «ዝቅተኛ ትስስር» ብለው ደመደሙ።

ክቡር ሆይ፤ በራቨንጊል ሰው የሚወደውን ነገር አያሞግስም። ማሞገስ የሻጭ ሥራ ነው፤ በግ የሚያሞግስ ሰው በጉ ታሟል ማለት ነው። የእግርና የአፍ በሽታ ገብቶ በጎቻችን በሙሉ ታርደው በተቃጠሉበት ዓመት ጋዜጠኛ መጥቶ ሲጠይቀን «ትንሽ ጸጥ ብሏል» ነው ያልነው። ጎርፍ ድልድዩን ሲወስደው «ረጥቧል» አልን። ሽማግሌው አሞስ ኮትስ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የድንጋይ ካብ ሲክቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከሚስታቸው ከኢዲት ጋር ሃምሳ አንድ ዓመት በትዳር ኖረው፣ ሳጥኗ ጠረጴዛው ላይ ባረፈበት ቀን አንድ ነገር ይናገሩ ቢባሉ «አላስቸገረችኝም» አሉ። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ገብተው ጭረቷን ራሳቸው ጫሩ። ያን ያህል ትልቅ የፍቅር ቃል በሸለቆአችን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልተሰማም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአሞስ ቦታ ያው ከጭረቷ በላይ ያለው የጠረጴዛው ጫፍ ሆነ።

ሚስተር ቲንዳል አሞስንም አነጋግረዋቸዋል። በሪፖርቱ ሦስተኛ ገጽ ላይ «አንድ አዛውንት ተጠቃሚ ለውይይት ፈቃደኛ አልነበሩም፤ አንድ እጃቸውንም በቆይታችን ሁሉ ከጠረጴዛው ሥር አላወጡም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስላስመዘገቡልን ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ። ሌላው ሪፖርት ተቀድዶ ይህቺ ብትቀር ለቤቱ ታሪክ ትበቃ ነበር። እጃቸው የት እንደነበረ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ለሚቀጥለው ቅሬታዬ ቁጥር ልሰጠው አልደፈርኩም፤ የራሴ ስለሆነ አፍርበታለሁ። ሚስተር ቲንዳል በመጡበት ቀን እኔ ሸለቆው ውስጥ አልነበርኩም። ነገሩን የለኮስኩት እኔ፣ በዚያች በአንዲት ቀን ተገኝቼ መናገር የነበረብኝ እኔ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ነበርኩ። የት ቢሉ፣ እርስዎ ቢሮ። ከእርስዎ በላይ ባለው ፎቅ፣ በቅርስ ክፍል፣ በረዳትነት። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ተቀምጠው «በወረዳችን አደጋ ላይ ያለ አንድ ሕንጻ ጥቀሺና ዋጋውን አስረጂ» አሉኝ። ስለ «አራቱ ተሸካሚዎች» ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ሐና ራው፣ ስለ አምስተኛው ብርጭቆ። አንደኛዋ ሴትዮ ዓይኗን ጠረገች። በዚያች ሰዓት፣ ሰዓቱን አመሳክሬአለሁ፣ ባልደረባቸው ሳንድዊቹን ከላስቲኩ ላይ እያነሱ «ታሪካዊ ዋጋ ያለው ዕቃ የለም» ብለው ይጽፉ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ ደረሰኝ፤ ችሎታዬ የሚደነቅ ሆኖ ሳለ «የአካባቢው ልምድ ስለሚያንስሽ» አልተቀበሉኝም።

ልምዱን እያካበትኩ ነው።

አሁን ማክሰኞ የማልመጣበትን ልናገር። አሞስ ኮትስ ባለፈው ሐሙስ ንጋት ላይ አረፉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። አርባ ሁለተኛው እሳቸው ናቸው። የአስከርባይ ቄስ አራት አጥቢያ የሚያዳርሱ ሰው ስለሆኑ ያላቸው ቀን ማክሰኞ ብቻ ነው፤ ቀብሩ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ አሞስ ጠረጴዛው ላይ የሚያርፉት ልክ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። ኮሚቴው ሰዓቱን ቢያሸጋሽግ ብዬ ደውዬ ነበር። የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ በጣም በተረጋጋ ድምፅ «አጀንዳው ጸድቋል» አለችኝ። አሞስም እንደዚያው ይመስለናል፤ ስለዚህ አንዳቸውንም ማንቀሳቀስ አልቻልንም።

ቀብር መሄድ ብቻ ቢሆን፣ እውነት እላለሁ፣ አሞስን ይቅርታ ጠይቄ ወደ እናንተ እመጣ ነበር፤ እሳቸውም «ሂጂ ወዲያ፣ ሥራ ይበልጣል» ይሉኝ ነበር። ነገር ግን ተሸካሚ ጎደለ። ወጣቶቻችን ሥራ ፍለጋ ወጥተዋል፤ የቀሩት የኔድ ሁለት ወንድ ልጆችና ኔድ ናቸው። ሦስት። ሕጉ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ተሸካሚ ከጎደለ ቤቱ ይሞላል። የቤቱ ጌታ ወይዘሮ ዊኒ ናቸው፤ የወይዘሮ ዊኒ የዳሌ አጥንት ባለፈው ዓመት በቀዶ ሕክምና ተቀይሯል። ቅዳሜ ማታ ከባንኮኒው ጀርባ ጠሩኝና ሽርጣቸውን ፈትተው ሰጡኝ። «እሰሪው» አሉኝ። «እትዬ ዊኒ፣ ሴት ተሸክማ አታውቅም እኮ» ብላቸው «ቤቱ ነው የሚሸከመው፤ ቤቱ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ነሽ፤ ትወጃለሽ አትወጃለሽ አልጠየቅኩሽም» አሉና፣ የሽርጡን ቋጠሮ አጥብቀውልኝ «ክፉ ልጅ አይደለሽም» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ባነበቡት መሠረት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ወጥቼ ደጅ ላይ አለቀስኩ።

እናም ቤቱ ከተጠበቀልን እሳቸው አስተምረውኝ እኔ ልይዘው ተስማምተናል። ሃሳብ ሞልቶኛል፤ እንቅልፍ ይነሳኛል። አረንጓዴውን ቀለም እፍቃለሁ፤ ስቱኮውን ከ1671 ውስጥ በመርፌ አወጣዋለሁ፤ የጭረቶቹን ባለቤቶች ስም ከአስከርባይ መዝገብ ጋር እያመሳከርኩ አንድ በአንድ እጽፋለሁ። ረቡዕ ቁልፉ ከሄደ ግን ጠረጴዛውም አብሮ ይሄዳል፤ በድርጅቱ ዕቅድ ላይ «ነባሩን ጠረጴዛ ፍቆ ማለስለስ» የሚል መስመር አለ። ላዩን ብቻ ይሁን ሥሩንም አልተጻፈም።

ልመናዬ አንድ ነው። ውሳኔውን በአንድ ሳምንት ያዘግዩልንና አንድ ሰው ይላኩ። ባለሙያ መሆን የለበትም። ጎንበስ ማለት የሚችል ሰው ይበቃል፤ በጀርባው መተኛት የሚችል ከሆነ ደግሞ ሳንድዊቹ በእኛ ነው።

እርስዎን በመሰለ ታጋሽ፣ አርቆ አሳቢ፣ ከአምስት ደብዳቤ በኋላም ዝምታው ያልተናወጠ ሰብሳቢ በመተዳደራችን የሚሰማንን ደስታ በሸለቆአችን ቋንቋ እገልጽልዎ ዘንድ ይፍቀዱልኝ፤ እንለምደዋለን።

ለክቡርነትዎ ከሚገባው አክብሮት ሁሉ ጋር፣ ትከሻዋን በማለማመድ ላይ የምትገኘው፣ የአካባቢው ልምድ የሚያንሳት አመልካችዎ፣

ሄስተር ፋውሴት
የ«አራቱ ተሸካሚዎች» አራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ከላኩልኝ ቅጾች መካከል የአሞስ ኮትስም ይገኝበታል። ሚስተር ቲንዳል በመጡበት ቀን አሞስ፣ ሐኪም ከእንግዲህ ከአልጋ እንዳይወርዱ ካዘዛቸው አሥራ አንድ ቀን ሆኗቸው ነበር፤ ኔድ በትራክተር ጭኖ ያመጣቸው ራሳቸው ስለለመኑት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከቤታቸው አልወጡም። የቅጹ አራተኛ ጥያቄ «በሚቀጥሉት አሥራ ሁለት ወራት ይህን ቤት ስንት ጊዜ ለመጠቀም ያስባሉ?» ይላል። አሞስ «አንድ ጊዜ» ብለው መልሰዋል። ባለሙያዎ ቁጥሯን በጥንቃቄ አስፍረው ከጎኗ «አልፎ አልፎ የሚመጡ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርገዋል። ስለ ቁጥሯ ትክክለኛነት ምንም ቅሬታ የለንም። ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።